ፊት የምትሠራው እህቴ

እህቴ ስትሥል ያያት ሰው ወይ ይስቃል ወይ መንገዱን ይቀይራል። የምትሥለው የተቆጣች ዶሮ ከሆነ እሷ ራሷ ትቆጣለች፤ አንገቷን ታሰግጋለች፣ ዓይኗን ታፈጣለች፣ ከንፈሯን ታሾላለች። የፈራ ጥንቸል ከሆነ ደግሞ ትከሻዋን ሰብስባ ትንቀጠቀጣለች። ከፊቷ፣ ከቀለም ብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ አንዲት ክብ መስታወት ቆማለች። መስታወቷን አየት፣ ወረቀቷን አየት እያደረገች የሠራችውን ፊት ሳይጠፋባት ታሰፍረዋለች። እቴቴ ነው የምላት፤ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትሠራ ነው የኖረችው።

ጠረጴዛዋ መስኮት ሥር ነው፤ መስኮቱ ወደ መተላለፊያው ይመለከታል። አንዴ አዲስ የገባች ጎረቤታችን ከገበያ ስትመለስ እቴቴ ምላሷን እስከ አገጯ ዘርግታ፣ ዓይኗን አፍጣ ጠበቀቻት። እቴቴ እንኳን ጎረቤቷን ልታይ የራሷን ስም ብትጠየቅ አታስታውስም ነበር፤ ሙቀት ያደከመው ውሻ እየሣለች ነው። ሴትዮዋ ዘንቢሏን እንደያዘች በራችንን ደበደበችው።

«ምን አድርጌያት ነው ምላሷን የምታወጣብኝ?» አለች በሩን የከፈትኩትን እኔን።

«አይ፣ ውሻ እየሆነች ነው» አልኳት።

ጭራሽ ብሶ ቁጭ አለ። ሥዕሉን አምጥቼ እስካሳያት ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰብስቦ ነበር።

እኔ ታናሿ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ። አንድ ክፍል እንካፈላለን፤ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔና የስፌት መኪናዬ በበሩ በኩል፣ መሃላችን ላይ የመተኮሻው ጠረጴዛ። ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ «ሚጡ» ነው የምትለኝ። ፊቴ አይፈታም እየተባልኩ እታማለሁ፤ ሐሜቱ ውሸት አይደለም። ልብሱ ያማረለት ደንበኛ እንኳ ቀና ብሎ እኔን ሲያይ የተበላሸበት ይመስለዋል። ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። በቤታችን የነበረውን ሳቅ እቴቴ ቀድማ ተወልዳ ጠራርጋ ወሰደችው።

አባታችን ፀጉር አስተካካይ ነበር። መስታወቷም የእሱ ናት፤ ከርክሞ ሲጨርስ ከደንበኛው ኋላ ይዞ ማጅራቱን የሚያሳይባት። እቴቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ትቀመጥና በደብተሯ የኋላ ገጾች የደንበኞቹን ፊት ትሥላለች። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያረፈበት ሰው ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ እሷን ጠይቁ። አንድ ቀን አንድ ወፍራም ነጋዴ ሥዕሉን አየና ደሙ ፈላ። አባባ ደብተሩን ተቀብሎ አየ፤ ነጋዴውን አየ፤ ደግሞ ደብተሩን አየ። ከዚያ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመጋረጃው በኩል ይታይ ነበር። ነጋዴው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹን ይዞ ወጣ። አባባ ማታ «ደንበኛ እያባረርሽብኝ ነው» ብሎ ተቆጣት፣ በማግሥቱ ግን አዲስ እርሳስ ገዝቶላት መጣ።

ትምህርቷን ስትጨርስ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። ለሳሙና ካርቶን፣ ለክብሪት ቀፎ፣ ለብስኩት ማሸጊያ የሚሆን ሥዕል ትሠራ ነበር። የሳሙናው ካርቶን ላይ ያለችው ሴት ፈገግታ የእሷ የራሷ ነው፤ ሰው ሳያውቀው ስንት ዘመን የእህቴን ጥርስ እያየ ልብሱን አጥቧል። የልጆች መጽሐፍ አሳታሚውም ያገኛት በዚያው ካርቶን ነው። «ይህችን ሴት የሣለው ማን ነው?» እያለ ካርቶኑን በእጁ ይዞ ማተሚያ ቤት ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲያ እቴቴ ሳሙናውን ተወችው።

ዘመዶቻችን አልወደዱላትም። ለጥየቃ በመጡ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ጥንቸሎችና ዶሮዎች ያዩና «አሁን አንቺ ቁም ነገር የምትሠሪው መቼ ነው?» ይሏታል። እሷ ትስቃለች። እኔ ነበርኩ የምቃጠለው። አንዲት ጥንቸል ጆሮዋ በትክክል እስኪተኛላት ድረስ ስንት ወረቀት ቅርጫት እንደሚገባ የማየው እኔ ነኛ።

ደግሞ የራሷ የሆነ የአሠራር ልማድ አላት። ረቂቁን ስትጨርስ፣ ቀለም ሳትቀባው፣ ከቤታችን እምብዛም ወደማይርቀው መዋዕለ ሕፃናት ይዛው ትሄዳለች። ጽሑፉን በቁራጭ ወረቀት ትሸፍነዋለች። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷ ገጹን ትገልጣለች፤ ምንም አትናገርም፣ ምንም አትጠይቅም። «ልጅ ስትጠይቂው አንቺን ደስ እንዲልሽ ብሎ ይመልሳል» ትለኛለች፣ «ፊቱን ነው ማየት።» ሥዕሉ የሠመረ እንደሆነ ልጁ ሳይታወቀው የሥዕሉን ፊት ይሠራል። ዶሮዋ ስትቆጣ የእሱም ከንፈር ይሾላል፤ ጥንቸሉ ሲፈራ የእሱም ትከሻ ይሰበሰባል። የልጆቹ ፊት ዝም ካለ እቴቴ ወረቀቷን ጠቅልላ ቤቷ ትመጣለች፣ ያም ሥዕል ያበቃለታል። ልጆቹ ስሟን አያውቁትም። «እትዬ ሥዕል» ነው የሚሏት።

ባለፈው ዓመት አሳታሚው አንድ አጭር ታሪክ አመጣላት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዶሮዋ የአባትየው ጫማ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ቤተሰቡ እንቁላሉን ፍለጋ ቤቱን ይገለብጣል፤ አባት ከአልጋ ሥር፣ እናት ከድስት ውስጥ፣ አያት ከባርኔጣቸው ውስጥ ይፈልጋሉ። የት እንዳለ የምታውቀው ትንሿ ልጅ ብቻ ናት። በመጨረሻው ገጽ አባትየው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሥራው ሊሄድ እግሩን ወደ ጫማው ይልካል። እዚያ ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ልጅቷ ግን ምንም አልተናገረችም።»

እቴቴ ይህን ስታነብ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ሚጡ፣ ደራሲው ምን እንዳደረገልኝ አየሽ? ሌላውን ሁሉ ለእኔ ተወልኝ!»

«ምኑን ነው የተወልሽ? ምንም አልተናገረችም ነው የሚለው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ታውቃለች፤ ሳቋ አፏ ላይ ደርሷል፤ ግን ይዛዋለች። ይህን በቃል መናገር አይቻልም። ፊቷ ነው የሚናገረው።»

ስለዚህ አንድ ነገር ወሰነች። በሌሎቹ ገጾች ልጅቷ ከጀርባዋ፣ ከበር ኋላ ወይም ከጠረጴዛ ሥር ብቻ ነው የምትታየው። ፊቷ የሚታየው በመጨረሻው ገጽ ነው። የዶሮዋ ባዶ ጎጆ ይታያል እንጂ እንቁላሉ የትኛውም ገጽ ላይ አይታይም። መጽሐፉን በሙሉ በዚያች አንድ ፊት ላይ አንጠለጠለችው ማለት ነው። እኔ ብሆን ከእሷ ጀምሬ እገላገል ነበር፤ እቴቴ ግን የሚጣፍጠውን ለመጨረሻ ማቆየት ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነው።

የቀሯት የአባትየው፣ የእናትየውና የልጅቷ ሥዕሎች ነበሩ። አንድ ጠዋት አባትየው ከአልጋ ሥር ባዶ እጁን ወጥቶ ሲናደድ እየሣለች ነው። እኔ የአንድ ኮት ክንድ በስፒል እያያዝኩ የላጲሷን ድምፅ እሰማለሁ። ትሥላለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትሥላለች።

«ዛሬ ይህ እርሳስ ምን ነክቶታል?» አለች።

እርሳሱን ቀየረች። አሁንም ላጲስ። ወረቀቱን ቀየረች። ቀጥላ «መስታወቷ ተንጋዳብኛለች» ብላ የጨርቅ ቁራጭ ጠየቀችኝና በአንድ ወገን ደገፈቻት። ጠዋት ሻይዋ በከንፈሯ ጠርዝ ሲፈስ ብርጭቆው ተሸርፏል ብላ ነበር፤ እሱንም አልጠረጠርኩም። በመጨረሻ ተሰላችታ ጠራችኝ።

«ሚጡ፣ እስቲ ነይ። የዚህ ሰውዬ አፍ ለምንድን ነው ወደ አንድ ወገን የሚሄድብኝ?»

ስፒሎቹን በከንፈሬ እንደያዝኩ ሄጄ አየሁ። እውነትም የአባትየው አፍ ተጣሟል፤ አንዱ ቅንድብ ተሰብስቧል፣ አንዱ እንደተኛ ነው። ልመልስላት ቀና ስል ፊቷን አየሁት። ስፒሎቹ ከአፌ ረገፉ።

ሥዕሉ ምንም አልነበረበትም። እህቴ ጠዋቱን ሙሉ ልክ የሆነ ሥዕል ስታርም ነው ያረፈደችው።

«እቴቴ» አልኳት፣ «ሥዕሉ አይደለም።»

ሐኪም ቤት ሄድን። ራሷን በራጅ አነሡት፣ ደሟን አዩት። ሐኪሙ የፊቷ የአንድ ወገን ነርቭ እንደታመመ፣ ለሕይወቷ እንደማያሰጋ፣ በወራት ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም እንደሚችል አስረዳን። ዓይኗ ስለማይከደን ለመኝታ በፋሻ እንድንሸፍነው ነገረን። እቴቴ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ይህኛው ወገን መቼ ነው የሚስቀው?»

ሐኪሙ የምትቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን የሥራ ጥያቄ ነበር የጠየቀችው።

ቤት ስንገባ መስታወቷን አንሥታ ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻርፕ እስከ ዓይኗ ድረስ ተጠቅልላ መቀመጥ ያዘች። ደጅ አትወጣም። ደንበኛ ሲገባ ወደ መስኮቱ ትዞራለች። ያቺ መንገደኛው ሁሉ እያያት ምላሷን ስታወጣ የኖረች ሴት ከእኔ ከእህቷ እንኳ ፊቷን ሸሸገች።

አሳታሚው ወሬውን ሰምቶ ብርቱካን ይዞ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ስለ አየሩ አወራ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ ጤናዎ ይቀድማል። የቀሩት እኮ ጥቂት ሥዕሎች ናቸው። አንድ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ አለ፤ የእርስዎን አሣሣል አስመስሎ ይጨርሰዋል። ማንም አይለየውም።»

«ልጅቷንም?» አለች እቴቴ ከሻርፑ ውስጥ።

«ልጅቷንም።»

«አይሆንም።»

«ማተሚያ ቤቱ ተራ ይዞልናል። ተራው ካለፈን...»

«ተራው ሲደርስ ና። ካልጨረስኩ ለልጁ ትሰጠዋለህ፣ አፌን አልከፍትም። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካት።»

ቃሏ እየተንሸራተተ ነበር የሚወጣው፤ «ማንም»ን ለማለት ከንፈሯን በጣቷ ደገፍ ማድረግ ነበረባት። አሳታሚው ግን ደግማ እንድትለው አልጠየቃትም። «እሺ እትዬ» ብሎ ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ነይ ተቀመጪ።»

«የት?»

«መስታወቷ የነበረችበት።»

«እኔ? በዚህ ፊት?»

«ሌላ ፊት አለን እንዴ?»

ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አባትየውን ነበር የምትፈልገው። «ያ ሰውዬ ነጭ ሱሪ አሰፍቶ ‹ጥቁር ነበር ያልኩሽ› ያለሽን ቀን አስታውሺ» አለችኝ። ማስታወስ አላስፈለገኝም፤ ያ ሰውዬ ከልቤ ወጥቶ አያውቅም። እቴቴ እርሳሷን እያፋጨች «እንዳትነቃነቂ፣ እንዲያው ግሩም ነው፣ እንዴት ያለ ክፉ ፊት ነው!» ትለኛለች። አባትየው ጉድ ሆኖ ወጣ፤ ጢሙ ሲቀር ቁርጥ እኔን። እናትየዋም ድስት ከፍታ ስትበሳጭ እኔው ነኝ። ዕድሜ ልኬን ስታማበት የኖርኩት ፊት እንጀራ ሆነ ብዬ በልቤ ትንሽ ኮራሁ።

ልጅቷ ላይ ስንደርስ ግን ጉድ ፈላ።

«ሳቂ» አለችኝ። ሳቅኩ።

«ይህ ሳቅ ነው? ሊያስነጥስሽ ነው።»

ደግሜ ሳቅኩ። እርሳሷን አስቀመጠች።

«እሺ ተዪው፣ አትሳቂ። ሊመጣ ሲል ያዢው።»

«የሌለኝን ምኑን ልያዘው?»

ቀልድ ነገረችኝ፤ የአባባን ነጋዴ አስታወሰችኝ፤ ብብቴን ኮረኮረችኝ። ጉንጬ እስኪዝል ድረስ ሞከርኩ። እሷም ከእኔ ያገኘችውን ቃርማ፣ ቀሪውን ከትዝታዋ ሞልታ አንዲት ልጅ ሣለች። ለእኔ ደህና መሰለችኝ። እቴቴ አየቻትና ጠቅልላ ሰጠችኝ። ራሷ አትወጣም፤ ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናት የሄድኩት እኔ ነኝ።

ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። እሷ እንደምታደርገው ጽሑፉን ሸፍኜ፣ አፌን ዘግቼ ገጾቹን ገለጥኩ። አባትየው ሲናደድ ምንጣፉ በሙሉ ቅንድቡን ሰበሰበ፤ የራሴን ኩርፊያ በዚያ ሁሉ ትንንሽ ፊት ላይ ሳየው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ልጆቹ ግራ ተጋቡ። አንዳንዶቹ ጉንጫቸውን ጨመደዱ። የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ በሐዘኔታ ጠየቀችኝ።

«ጥርሷን አመማት?»

ወረቀቱን ጠቀለልኩ።

ቤት ስገባ እቴቴ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አየችና ወረቀቱን ተቀብላኝ ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጥርሷን አመማት ወይ አሉኝ! በቃ፣ ለኮምፒውተሩ ልጅ ስጪው!» አልኳት። «ለአንዲት ፊት ብለሽ ራስሽን ልትገድዪ ነው? መጽሐፍ ነው እኮ፣ ሌላ ይመጣል!»

«እጄ ደህና ነው» አለች። አዲስ ወረቀት እየወጠረች ነበር። «ዓይኔም ደህና ነው። ያጣሁት ፊት ብቻ ነው። ፊት ደግሞ አገር ምድሩን ሞልቶታል፤ አንዱን አገኘዋለሁ። አንቺ ከደከመሽ ሂጂ፣ መኪናሽ ላይ ተቀመጪ።»

መተላለፊያው ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ሳቅ ቢያጥረኝ ዕንባ አያጥረኝም። ስመለስ እሷ አንገቷን ደፍታ እየሣለች ነበር፤ ከዚያ ወዲያም በየቀኑ ሣለች፣ በየቀኑም ቅርጫቱ ሞላ። ቀኑ እየገፋ የማተሚያ ቤቱ ተራ ደረሰ። የአሳታሚው መምጫ አንድ ቀን ሲቀረው አንድ ደንበኛዬ ሱሪ ሊለካ መጣ።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ ሲያወራ ስብሰባ የሚመራ ነው የሚመስለው። ከሳምንት በፊት «ከስቻለሁ፣ ወገቡን አጥብቢው» ብሎኝ ነበር። ሜትሬ ሌላ ነገር ይላል፤ እሱ ግን ሙጭጭ አለ። እኔም አጠበብኩለት። ከመለኪያ መጋረጃው ኋላ ቀይሮ ሲወጣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የወጣው፤ አሮጌውን ሱሪውን የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ጣለው። እቴቴ እንደ ልማዷ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

«አየሽ» አለኝ፣ «ሰው ማለት ራሱን የሚገዛ ነው። ምግብ ፊቴ ቀርቦ አልፈልግም ማለት እችላለሁ። ቆራጥነት ነው ዋናው! ቆራጥ ያልሆነ ሰው...»

ይህን እያለ የጫማው ክር ተፈትቶ አየና ጎንበስ አለ። ሱሪው ከወገቡ እስከ ታች ተርተር ብሎ ተተረተረ።

ሰውዬው ጎንበስ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «...ቆራጥ ያልሆነ ሰው ከግቡ አይደርስም» ብሎ ንግግሩን ጨረሰና ፊቱን ወደ እኛ እንዳደረገ ወደ ኋላው እየተራመደ መጋረጃው ውስጥ ገባ።

ደንበኛ ደንበኛ ነው፤ ሜትሬን ነከስኩት። እንድታግዘኝ ወደ እቴቴ ዞር ስል ሻርፗ አንገቷ ላይ ወርዷል። የታመመው የፊቷ ወገን ጸጥ ብሎ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ምንም እንዳላየ ጨዋ ሰው ተቀምጧል። ደህናው ወገን ግን ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ጠቦ፣ የከንፈሩ ጫፍ ወደ ጆሮዋ እየሸሸ ነው። ግማሹ ምንም አልተናገረም፤ ግማሹ ሊፈነዳ ነው።

ሜትሬን ከአፌ ጣልኩት።

«እቴቴ፣ በሞትኩት፣ እንዳትነቃነቂ!»

ሮጬ መስታወቷን ከግድግዳው አዞርኩና ፊቷ ላይ ደቀንኩባት። ደንግጣ ፊቷን አዞረች።

«አንሺልኝ!»

«አላነሣም።»

«ሚጡ፣ አንሺልኝ አልኩሽ!»

«አላነሣም አልኩሽ! ራስሽን አትዪ፤ ልጅቷን እዪያት!»

እጇን ፊቷ ላይ እንዳደረገች ቆየች። ከዚያ ጣቶቿን ገለጥ አድርጋ አየች። እጇን አወረደች፣ ቀረበች፣ አንገቷን ወዲህና ወዲያ ዘንበል አደረገች፤ ሥራ ላይ ስትሆን እንደምታደርገው። ሳቁ እየጠፋባት ነበር። በዚህ መሃል ከመጋረጃው ኋላ የኃላፊው ድምፅ፣ በጣም ለስለስ ብሎ፣ መጣ።

«እህቶቼ፣ ያን አሮጌውን ሱሪዬን ታቀብሉኛላችሁ?»

ሳቋ ተመለሰ፣ ከቅድሙም ባሰ። ዓይኗን ከመስታወቷ ሳትነቅል እጇ በራሱ ጊዜ እርሳሱን ፈልጎ አገኘው። እኔ አባባ ከደንበኞቹ ኋላ ቆሞ እንደሚይዛት መስታወቷን ይዤ ቆምኩ። ክንዴ ዝሎ ሊወድቅ ነበር፤ አላወረድኩትም። ኃላፊው ሱሪውን ያገኘው እቴቴ የልጅቷን የከንፈር ጫፍ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ቀለሙንም ወዲያው ቀባችው፤ መጀመሪያ ለልጆቹ ለማሳየት፣ እንደገና ለመጀመርም ጊዜ አልነበረም። አሳታሚው በማግሥቱ ከሰዓት ይመጣል። ጠዋት ወረቀቶቹን ልጠቀልል ስል እጄን ያዘችኝ።

«ይህን እኔው ነኝ የምወስደው።»

«እየወጣሽ ነው?»

«ጥርሷን አመማት የሚሉ ከሆነ ለእኔው ይበሉኝ።»

ሻርፗን እስከ ዓይኗ ጠቀለለች፤ ሄድን። እኔ መኪናዬን ጥዬ የሄድኩት ብቻዋን እንዳትሆን ነው እንጂ የምረዳት ነገር ኖሮኝ አይደለም። ልጆቹ «እትዬ ሥዕል! እትዬ ሥዕል!» እያሉ ተንጫጩና ተቀመጡ። መምህርታቸው በሩ ላይ ቆመች። እቴቴ ጽሑፉን ሸፍና ገጾቹን ትገልጥ ጀመር። አባት ተናደደ፤ ምንጣፉ ተናደደ። እናት ተበሳጨች፤ ምንጣፉ ተበሳጨ። ከዚያ አባትየው እግሩን ወደ ጫማው ሰደደ፣ ልጅቷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እኛ አዞረች።

ዓይኔን ከሥዕሉ ወደ ልጆቹ መለስኩ።

መጀመሪያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ልጅ ጉንጩን ነፋ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለችው የአፏ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ተሳበ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላዋ፤ አንዱ ዓይናቸው ጠቦ፣ አንዱ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ከንፈራቸው ገጥሞ። ደግሜ ደግሜ አየሁ። ምንጣፉ ላይ ያሉት ልጆች በሙሉ የእህቴን ፊት ሠርተው ተቀምጠዋል። በሩ ላይ የቆመችው መምህርት እንኳ።

እቴቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ወረቀቱን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ በሌላው እጇ የሻርፑን ቋጠሮ ፈታች፣ ሻርፑን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ፈራሁ። ልጅ ሲያይ ርኅራኄ አያውቅም፤ ያየውን ይናገራል።

ጥርሷ የወለቀባት ልጅ እቴቴን አየች። ሥዕሉን አየች። ደግማ እቴቴን አየች። ከዚያ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«እትዬ ሥዕልም ታውቃለች!»

«ምኑን?»

«እንቁላሉ የት እንዳለ ነዋ! ፊቷን አታዪውም?»

ምንጣፉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጉልበቷ ላይ ተንጠላጠሉ፣ ቀሚሷን ጎተቱ፣ ፊቷን በቅርብ ለማየት እርስ በርስ ተገፋፉ። «የት ነው? ንገሪን! የት ነው ያለው?»

እቴቴ ግን ምንም አልተናገረችም።